ግርሻን ሳንጋብዝ ወደ ሩጫ እንመለስ

በከተሞቻችን ማለዳ ተነሥተው የሚሮጡ እናቶችንና ሴት ሠራተኞችን ማየት ዛሬ እንግዳ ነገር አይደለም። ታላቁ ሩጫ በኢትዮጵያ በ1994 ዓ.ም.፣ ለሴቶች ብቻ የሚዘጋጀው የ5 ኪሎ ሜትር ውድድር ደግሞ በ1996 ዓ.ም. ከተጀመሩ ወዲህ ሩጫ የአትሌቶች ሙያ ብቻ መሆኑ ቀርቶ የቤት እመቤቷም፣ የቢሮ ሠራተኛዋም፣ የፋብሪካ ሠራተኛዋም ሆኗል። ይህ ደስ የሚያሰኝ ነው። ነገር ግን እንዴት እንደሚጀመር ብዙ ሲነገር፣ በሕመም ምክንያት የተቋረጠ ሩጫ እንዴት እንደሚቀጠል እምብዛም ሲነገር አይሰማም።

ለዛሬው ጽሑፋችን መነሻ የሆነን ከአንዲት አንባቢያችን የደረሰን ደብዳቤ ነው። እኅታችን በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የምትሠራ የሁለት ልጆች እናት ናት። ከሥራ ባልደረቦቿ ጋር እሑድ እሑድ ማለዳ 5 ኪሎ ሜትር ያህል ትሮጥ ነበር። ታይፎይድ ታማ ሦስት ሳምንት ያህል ከተኛች በኋላ ሐኪሙ መድኃኒቷን ጨርሳ መዳኗን ነግሮ አሰናብቷታል። ችግሯን እንዲህ ስትል ትገልጻለች፤ «እናቴ፣ ድሮም የጣለሽ ሩጫው ነው፤ ብትደግሚው ያገረሽብሻል ትለኛለች። ባልደረቦቼ ደግሞ፣ ላብ ያወጣዋል፤ ተነሺና ሩጪ ይሉኛል። እኔ ደረጃ ስወጣ እንኳ ጉልበቴ ይንቀጠቀጣል። የማንን ልስማ?»

ይህ ጥያቄ የአንድ ሰው ብቻ አይደለም። በወባ፣ በሳንባ ምች፣ በኮቪድ ወይም በከባድ ጉንፋን ተኝቶ የተነሣ ሁሉ የሚያነሣው ነው። መልሱም፣ እናትም ባልደረቦችም ግማሽ እውነት ይዘዋል የሚል ነው። እናት ግርሻን መፍራታቸው ትክክል ነው፤ ሩጫውን ለዘለዓለም ተዪ ማለታቸው ግን ልክ አይደለም። ባልደረቦች ሰውነት እንዲንቀሳቀስ መምከራቸው መልካም ነው፤ ላብ በሽታ ያወጣል ማለታቸው ግን ስሕተት ነው። ላብ ሰውነት የሚቀዘቅዝበት መንገድ እንጂ ተሕዋስያን የሚባረሩበት በር አይደለም።

ትኩሳት ሲለቅ ሁሉ ነገር አልቋልን?

ብዙዎቻችን መዳንን የምንለካው በትኩሳት ነው። ግንባሯ ከቀዘቀዘ፣ ምግብ ከቀመሰች ድናለች እንላለን። ሰውነት ውስጥ ያለው ጥገና ግን ከዚያ በኋላም ለሳምንታት ይቀጥላል።

ታይፎይድን ለምሳሌ እንውሰድ። የታይፎይድ ተሕዋስያን የትንሹን አንጀት ግድግዳ ያቆስላሉ። ሕክምና በዘገየባቸው ሰዎች ቁስሉ ሊደማ፣ አልፎ አልፎም አንጀቱ ሊበሳ ይችላል። ትኩሳቱ ለቅቆም ቁስሉ ለመጠገን ጊዜ ይፈልጋል። በተጨማሪም ተሕዋስያኑ በጉበት፣ በጣፊያ፣ በመቅኔና በሐሞት ከረጢት ውስጥ ሊደበቁ ስለሚችሉ በአንዳንድ ሰዎች ላይ ትኩሳቱ ከለቀቀ ከሁለትና ከሦስት ሳምንት በኋላ እንደገና ይነሣል። አያቶቻችን «አገረሸ» የሚሉት ይህንኑ ነው። ስለዚህ መድኃኒቱን ስሜቱ ተሻለኝ ባለበት ቀን ማቋረጥ ሳይሆን በታዘዘው መጠንና ቀን መጨረስ ግዴታ ነው።

ወባ ደግሞ ሁለት ነገር ትቶ ይሄዳል። አንደኛው የደም ማነስ ነው፤ ተሕዋሲው ቀይ የደም ሕዋሳትን ይሰብራልና። ሁለተኛው የጣፊያ ማበጥ ነው፤ ያበጠ ጣፊያ በመውደቅ ወይም በመመታት ሊቀደድ ስለሚችል ሐኪም ወደ ቦታው መመለሱን ሳያረጋግጥ ድንጋያማ መንገድ ላይ መሮጥ አደገኛ ነው። በአገራችን ካሉት የወባ ዓይነቶች አንደኛው፣ ቫይቫክስ የሚባለው፣ በጉበት ውስጥ ተኝቶ ከሳምንታት ወይም ከወራት በኋላ ሊቀሰቀስ ይችላል። ትኩሳት ከተመለሰ «ድካም ነው» ብሎ ማለፍ ሳይሆን እንደገና ደም መመርመር ይገባል።

ኮቪድና ከባድ ጉንፋንን የመሳሰሉ የቫይረስ በሽታዎች፣ አልፎ አልፎ ቢሆንም፣ የልብን ጡንቻ ሊያቆጡ ይችላሉ። በዚህ ጊዜ ጠንክሮ መሮጥ የልብ ምት እንዲዛባ ያደርጋል። ከ2012 ዓ.ም. ወዲህ በኮቪድ ምክንያት የስፖርት ሐኪሞች በዚህ ላይ ብዙ ጽፈዋል፤ በብዛት የሚሰጡትም ምክር ምልክቶቹ ሙሉ በሙሉ ከጠፉ በኋላ ቢያንስ 7 ቀን ሳይሮጡ መቆየት፣ ከዚያም በየደረጃው መውጣት የሚል ነው።

መተኛት ራሱ የሚወስደው ጉልበት

በሽታው ባይኖርም እንኳ አልጋ ላይ መዋል ብቻውን ጉልበት ይሰልባል። በ1966 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ በዳላስ ከተማ 5 ጤነኛ ወጣቶች ሦስት ሳምንት ያህል አልጋ ላይ እንዲቆዩ ተደርጎ ነበር። ሲነሡ ሰውነታቸው በከባድ እንቅስቃሴ ጊዜ ኦክሲጅን የመጠቀም ችሎታው ከሩብ በላይ ቀንሶ ተገኘ። እነዚያው ሰዎች ከ30 ዓመት በኋላ እንደገና ሲመረመሩ፣ የ30 ዓመት ዕድሜ የቀነሰባቸው አቅም የሦስቱ ሳምንት መኝታ ከቀነሰባቸው ያነሰ ነበር።

እኅታችን ደረጃ ስትወጣ ጉልበቷ መንቀጥቀጡ እንግዲህ ስንፍናም፣ «ሐሳብ»ም አይደለም። በዚያ ላይ አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍታ ላይ የምትገኝ ከተማ ናት፤ እንጦጦ ደግሞ ከ3,000 ሜትር ያልፋል። አየሩ ሳስቶ ባለበት ከፍታ ደሟ ያነሰ ሴት ዳገት ስትሮጥ ልቧ የሚሸከመው ጫና ይጨምራል። ተስፋ የሚሰጠው ግን ይህ ነው፤ እነዚያ ወጣቶች በሁለት ወር ያህል ልምምድ የጎደለባቸውን መልሰው ከዚያም አልፈዋል። በመኝታ የሄደ ጉልበት በእንቅስቃሴ ይመለሳል። «ሩጫውን ለዘለዓለም ተዪ» ማለት ትክክል ያልሆነውም በዚህ ምክንያት ነው።

ስለ መድኃኒቱ ሊታወቅ የሚገባው

ለታይፎይድና ለሌሎችም ተሕዋስያን አዘውትሮ ከሚታዘዙት መድኃኒቶች አንዱ ሲፕሮፍሎክሳሲን ነው። ይህና ወገኖቹ የሆኑት መድኃኒቶች በጥቂት ሰዎች ላይ ጅማትን፣ በተለይም ከተረከዝ በላይ ያለውን ወፍራም ጅማት፣ ሊያዳክሙና ሊበጥሱ እንደሚችሉ ተረጋግጧል። በ2008 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ይህን ማስጠንቀቂያ በጉልህ እንዲጻፍ አዝዟል። ጉዳቱ መድኃኒቱ በሚወሰድበት ሰሞን ወይም ካለቀ ከወራት በኋላም ሊታይ ይችላል። ከ60 ዓመት በላይ በሆኑና ስቴሮይድ የሚባለውን መድኃኒት አብረው በሚወስዱ ሰዎች ላይ አደጋው ከፍ ይላል።

ይህ መድኃኒቱን ለመፍራት ወይም ለመጣል ምክንያት አይሆንም፤ ታይፎይድ ራሱ ከዚህ የከፋ ነውና። ሆኖም የምትሮጥ ሴት የወሰደችውን መድኃኒት ስም ማወቅ፣ ተረከዟ አካባቢ ሕመም ወይም እብጠት ከተሰማትም ያን ቀን ሩጫውን አቁማ ሐኪም መጠየቅ አለባት።

እግረ መንገዳችንን አንድ የቤት ነገር እናንሣ። ለታመመ ሰው ወተት ማቅረብ የደግነት ምልክታችን ነው። ይሁንና ሲፕሮፍሎክሳሲን ከወተት፣ ከእርጎ ወይም ከአይረን ክኒን ጋር በአንድ ሰዓት ከተወሰደ ወደ ደም የሚገባው መጠን ይቀንሳል፤ በሽታውም በሚገባ ሳይመታ ይቀራል። ክኒኑ በውኃ ይዋጥ፤ ወተቱ በሌላ ሰዓት ይጠጣ። ስንት ሰዓት ልዩነት እንደሚያስፈልግ ፋርማሲስቱን መጠየቅ ይበቃል።

ቀስ በቀስ ማለት ምን ማለት ነው?

«ቀስ በቀስ ጀምሪ» የሚለውን ምክር ሁሉም ይሰጣል፤ ስንት ደቂቃ፣ በስንት ቀን የሚለውን ግን የሚናገር ጥቂት ነው። ከዚህ በታች ያለው መርሐ ግብር ቀድሞ 5 ኪሎ ሜትር ትሮጥ ለነበረች፣ ሐኪም ድነሻል ላላትና አንድ ሳምንት ሙሉ ያለ ትኩሳት ለቆየች ሴት የሚሆን ነው።

1ኛ ሳምንት፦ በሜዳ ላይ በቀን 10 ደቂቃ በዝግታ መራመድ።

2ኛ ሳምንት፦ ርምጃውን ወደ 20፣ ከዚያም ወደ 30 ደቂቃ ማሳደግ።

3ኛ ሳምንት፦ 4 ደቂቃ ርምጃ፣ 1 ደቂቃ ሶምሶማ፤ ይህን 4 ጊዜ መደጋገም። ከዚህ ሳምንት ጀምሮ በሳምንት 3 ቀን ብቻ፣ በመካከሉ አንድ አንድ ቀን እያረፉ።

4ኛ ሳምንት፦ 3 ደቂቃ ርምጃ፣ 2 ደቂቃ ሶምሶማ፤ 5 ጊዜ።

5ኛ ሳምንት፦ 2 ደቂቃ ርምጃ፣ 3 ደቂቃ ሶምሶማ፤ 5 ጊዜ።

6ኛ ሳምንት፦ 1 ደቂቃ ርምጃ፣ 4 ደቂቃ ሶምሶማ፤ 5 ጊዜ።

7ኛ ሳምንት፦ 20 ደቂቃ ያለማቋረጥ ሶምሶማ። ከዚህ በኋላ ርቀቱን በጥቂት በጥቂቱ ወደ ቀድሞው መመለስ ይቻላል። ዳገት፣ ደረጃና ፍጥነት የሚጨመሩት በመጨረሻ ነው።

መርሐ ግብሩ መመሪያ እንጂ ሕግ አይደለም። የሚፈርደው ሰውነት ነው፤ ሰውነትም የሚናገርባቸው ሦስት መንገዶች አሉት።

የመጀመሪያው ንግግር ነው። በሶምሶማ ላይ እያሉ አጠገብ ካለች ጓደኛ ጋር አንድ ሙሉ ዐረፍተ ነገር ሳይቆራረጥ መናገር ካልተቻለ ፍጥነቱ በዝቷል ማለት ነው።

ሁለተኛው የማለዳ የልብ ምት ነው። ከአልጋ ሳይነሡ፣ ቡና ሳይቀምሱ፣ ሁለት ጣት የእጅ አንጓ ላይ አድርጎ ለ60 ሰከንድ መቁጠርና ቁጥሩን በደብተር መጻፍ ነው። ከሌላው ቀን በ10 ወይም ከዚያ በላይ ከፍ ብሎ ከተገኘ ያ ቀን የዕረፍት ቀን ይሁን።

ሦስተኛው ማግስቱ ነው። በሩጫው ሰዓት ደኅና የነበረች ሴት በማግስቱ አካሏ ዝሎ፣ ራሷን አሟት፣ እንቅልፍ ሳይጠግባት ከተነሣች ትናንት የሠራችው በዝቶባታል። ወደፊት መሄዱን ትታ ያለፈውን ሳምንት መርሐ ግብር ትድገም። አንድን ሳምንት ሁለቴና ሦስቴ መድገም ሽንፈት አይደለም፤ «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» እንዲሉ፣ በሁለት ወር የሚያልቀውን መንገድ በግርሻ ስድስት ወር የሚያደርገው ጥድፊያ ነው።

ሌላም የሚረሳ ነገር አለ። የቤትና የፋብሪካ ሥራ በድካም ሒሳብ ውስጥ ይገባል። ልብስ በእጅ ሲታጠብ የዋለበት፣ እንጀራ የተጋገረበት፣ ወይም 8 ሰዓት በማሽን አጠገብ ቆመው የዋሉበት ቀን የሩጫ ቀን መሆን የለበትም። ከሌሊት ፈረቃ የወጣች ሠራተኛም መጀመሪያ ትተኛ፤ ሩጫው ለሌላ ቀን ይደርሳል። ከሳንባ ምች ለተነሣች ሴት ደግሞ የማገዶ ጭስ ያለበት ማእድ ቤት ከሩጫው ይልቅ የሚጎዳት ስለሆነ፣ ቢቻል ሌላ ሰው ይተካት።

ሳይዘገይ ወደ ሐኪም የሚያስሄዱ ምልክቶች

በእንቅስቃሴ ላይ ወይም ከእንቅስቃሴ በኋላ የደረት ሕመም፣ የልብ ምት መዛባት፣ ራስን መሳት፣ ተቀምጠው ሳለ ትንፋሽ ማጠር፣ የአንድ እግር ባት ማበጥና መሞቅ፣ የትኩሳት መመለስ፣ ከባድ የሆድ ቁርጠት፣ ጥቁር ወይም ደም የቀላቀለ ዐይነ ምድር ከታየ ሩጫው ወዲያውኑ ይቁም፤ በዚያው ዕለትም ወደ ጤና ጣቢያ ወይም ወደ ሆስፒታል ይኬድ። ትኩሳቱ በተደጋጋሚ የሚመለስ ከሆነ በአንድ የደም ምርመራ ብቻ የተሰጠው የበሽታ ስም ትክክል ላይሆን ስለሚችል ምርመራው እንደገና እንዲታይ መጠየቅ የታማሚዋ መብት ነው።

ጉልበት ከማዕድ ይጀምራል

ከሕመም የተነሣች ሴት ብዙ ጊዜ የሚጎድላት ደም ነው፤ በየወሩ የምታፈሰውም ይጨመርበታል። በቤታችን ያሉት ምስር፣ ሽሮ፣ ጎመን፣ እንቁላልና፣ አቅም ሲፈቅድ፣ ሥጋ መልካም ናቸው። ሆድ ገና ሳይጠና አጥሚትና ቅንጬ ይቀላሉ። ከምግቡ ጋር ቃሪያ፣ ቲማቲም ወይም ሎሚ ሲጨመር ከእህልና ከቅጠላ ቅጠል የሚገኘው አይረን በቀላሉ ወደ ደም ይገባል። ሻይና ቡና ግን ይህንኑ ስለሚያግዱ ከምግብ ጋር ሳይሆን ቢያንስ አንድ ሰዓት ቆይተው ቢጠጡ ይሻላል። የአይረን ክኒን በጓደኛ ምክር ሳይሆን ደም ተመርምሮ በሐኪም ትእዛዝ የሚወሰድ ነው።

የአበበ ቢቂላ ታሪክና እኛ

ከሕመም የተነሣን ሰው ለማበረታታት በአገራችን ቶሎ የሚጠቀሰው አበበ ቢቂላ ነው። አበበ ለቶኪዮ ኦሎምፒክ 40 ቀን ያህል ሲቀረው ትርፍ አንጀቱን ተቀድዶ፣ ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም. ማራቶኑን በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሴኮንድ አሸንፏል፤ ሁለተኛ የወጣውንም ከ4 ደቂቃ በላይ ቀድሞታል። ይህ የሚያኮራ ታሪክ ነው፤ ለሁላችንም የሚሆን መለኪያ ግን አይደለም። አበበ ለዓመታት የተገነባ ሰውነት፣ አሠልጣኝና ሐኪም አጠገቡ ነበሩት። ሕመሙም በአንድ ቀዶ ሕክምና የተወገደ እንጂ ለሳምንታት በትኩሳት ያደከመው አልነበረም።

ለእናቶች የሚቀርበው ምሳሌ የደራርቱ ቱሉ ነው። በ1992 እ.ኤ.አ. በባርሴሎና ወርቅ ያገኘችው ደራርቱ በ1998 እ.ኤ.አ. ልጅ ወለደች። በ10,000 ሜትር ሁለተኛውን የኦሎምፒክ ወርቋን በሲድኒ ያጠለቀችው በ2000 እ.ኤ.አ. ነው። ወሊድ በሽታ ባይሆንም ሰውነት ከከባድ ጫና የሚመለስበት ጊዜ እንደሚያስፈልገው ግን ያሳያል። ለዓለም ሻምፒዮና ይህን ያህል ጊዜ ካስፈለገ፣ ሁለት ልጅ እያሳደገች በፋብሪካ ለምትሠራ ሴት ሁለት ወር አይበዛባትም።

ቤተሰቡስ ምን ይላል?

እስካሁን የተናገርነው ሁሉ አንድ ነገር ከሌለ በወረቀት ላይ ይቀራል። ይኸውም ማገገሚያ ጊዜ ነው።

ለአራስ ማድረግ የሚገባንን እናውቃለን። ገንፎ ይገነፋል፣ ጎረቤት ይሰበሰባል፣ ከባድ ዕቃ አትነሣም፣ «ተኚ፣ አትነሺ» የሚላት ይበዛል። ከታይፎይድ ወይም ከሳንባ ምች የተነሣች እናት ግን ትኩሳቱ በለቀቀ ማግስት ሊጥ ታቦካለች፣ ልጅ ታዝላለች፣ ውኃ ትቀዳለች። ተኝታ ሳለች የተጠራቀመውም ልብስ ይጠብቃታል። ከዚያ በኋላ ሲያገረሽባት «ሩጫው ነው» ይባላል። በሳምንት ሁለት ሰዓት የማይሞላው ሩጫ ይወቀሳል፤ ቀኑን ሙሉ የሚጎትታት ሥራ ግን ስሙ አይነሣም።

ስለዚህ ለባሎች፣ ለታላላቅ ልጆችና ለወንድሞች የምንለው አለ። የታመመችው ሴት ከተነሣች በኋላ ያሉት ሁለት ሳምንታት ከሕመሙ ቀናት ባልተናነሰ እናንተን የሚፈልጉ ናቸው። የልብስ እጥበቱን፣ የገበያውን፣ የልጆቹን ማለዳ ትምህርት ቤት ማድረስ ተከፋፈሉ። ስትራመድ አብራችኋት ተራመዱ። የሥራ ኃላፊዎችም ሐኪም የጻፈውን የዕረፍት ወረቀት እንደ ምክንያት ፍለጋ ሳይሆን እንደ መድኃኒት ማዘዣ ይመልከቱት።

እኅታችንን በተመለከተ ደግሞ፣ እናትሽን አትቆጪ፤ ያሳሰባቸው ነገር እውነት ነውና ይህን ጽሑፍ አንብቢላቸው። ባልደረቦችሽንም አትራቂ፤ እሑድ ማለዳ እነርሱ ሲሮጡ አንቺ ተራመጂ፣ ሲመለሱም አብረሻቸው ቡና ጠጪ። በየሳምንቱ የርምጃው ደቂቃ እያነሰ፣ የሶምሶማው እየጨመረ ይሄዳል። ቦታሽ አይጠፋም፤ ጉልበትሽም ይመለሳል።